ስላሸርን በጆሮ ማየት

13 ዓመቴ ላይ ታላቅ ወንድሜ አስፈሪ ፊልም ሲያይ ከጎኑ ተጠግቼ አብሬው አይ ነበር። እሱ ሲፈራ ፊቱን በትራስ ይሸፍናል፤ እኔ ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን አጠፋለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ድምፁ ጭጭ ሲል ፍርሃቱም አብሮ ጭጭ ይላል። ቱታ የለበሰ ሰውዬ ቁጥቋጦ አጥር ጥግ ቆሟል፤ በቃ፣ የቆመ ሰውዬ ነው። ድምፁን እመልሰዋለሁ። ያው ሰውዬ፣ ያው አጥር፣ ጉሮሮዬ ግን ይደርቃል። አንድ ምሽት ወንድሜ ተናዶ «ወይ እዪ፣ ወይ ውጪ» ብሎ ሪሞቱን ነጠቀኝ። አልወጣሁም።

ዛሬ የምተዳደረው በፊልም ድምፅ ሥራ ነው። የእግር ኮቴ፣ የበር ሲጢጥታ፣ የልብስ ኮሽታ እየቀረጽኩ ከሥዕሉ ጋር እገጥማለሁ። ጓደኞቼን ስላሸር የሚባለውን የአስፈሪ ፊልም ዓይነት እንይ ስላቸው ብዙዎቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ርካሽ ነው፣ ትወናው አይረባም፣ ደም ብቻ ነው ይላሉ። እንዲህ የሚሉትን አስቀምጬ ያሳየኋቸው ጊዜ ግን አብዛኞቹ ሁለተኛውን ፊልም ራሳቸው ጠይቀውኛል። እንዴት እንደማሳያቸው ነው እዚህ የምጽፈው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ገንዘብ የሌለው ፊልም ሠሪ ጭራቁን በደንብ ሊያሳያችሁ አይችልም፤ ማሳየት ውድ ነው። ማሰማት ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ የድሃ ፊልም ሀብቱ ያለው ጆሮ ላይ ነው። ዓይናችሁን ብቻ ይዛችሁ ከገባችሁ የምታዩት ጉድለቱን ነው፤ ጆሯችሁን አስቀድማችሁ ከገባችሁ ጉድለቱ ራሱ ሥራ ሲሠራ ትሰማላችሁ።

ለማያውቁት፣ ስላሸር የሚባለው አንድ ገዳይ፣ ብዙ ጊዜ ጭምብል ያጠለቀ፣ ቢላ ወይም ሌላ የእጅ መሣሪያ ይዞ ጥቂት ወጣቶችን አንድ በአንድ እያሳደደ የሚገድልበት ፊልም ነው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ትቀራለች። ካሮል ክሎቨር የተባለች ምሁር በ1987 «የመጨረሻዋ ልጅ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቷል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ክፍሉን ማዘጋጀት

መጀመሪያ የቴሌቪዥናችሁን የድምፅ ማስተካከያ ክፈቱና «ናይት ሞድ» ወይም «አውቶ ቮልዩም» የሚል ካለ አጥፉት። ይህ ነገር ዝግ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። ጎረቤት ላለመረበሽ ጥሩ ነው፤ ለስላሸር ግን ሞት ነው። የዚህ ፊልም አቅም ያለው በዝምታውና በጩኸቱ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ርቀቱን ካጠበባችሁት የሚቀራችሁ አንድ ወጥ ሁካታ ነው።

ድምፁን የምትለኩት በመጀመሪያው የንግግር ትዕይንት ነው። ሰዎቹ ሲያወሩ ጆሯችሁን ትንሽ አቅንታችሁ እንድትሰሙ እስኪያደርጋችሁ ድረስ ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ አትንኩት። ጆሮውን ያቀና ሰው ነው የሚደነግጠው። የቴሌቪዥኑ ድምጽ ማጉያ ደካማ ከሆነና ብቻችሁን ከሆናችሁ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ይሻላል።

ከዚያ ወደ ሥዕሉ ማስተካከያ ሂዱ። «ሞሽን ስሙዚንግ» የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፉ፤ አምራቾቹ በተለያየ ስም ይጠሩታል። እሱ ሲበራ ፊልሙ የቀጥታ ስርጭት ይመስላል፤ ቅድም ጨለማ የነበረው ጥግ የስቱዲዮ ጥግ ይሆናል። የብርሃኑን መጠንም ጨለማው እንዲታያችሁ ብላችሁ አትጨምሩ። ጨለማው የተቀመጠው እንዳይታይ ነው።

ሰው አታብዙ። ከአራት በላይ ከሆነ አንዱ ማውራቱ አይቀርም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው ካለ ከኋላ ይቀመጥ፣ ከመደንገጫው ቦታ በፊት ፊታችሁን ዞር ብሎ እንዳያይ። አንዱን ሰው ደግሞ ማብሪያና ማጥፊያው አጠገብ አስቀምጡት፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ፊልም

የመጀመሪያ ፊልማችሁ የ1978ቱ ሃሎዊን ይሁን። ዝነኛ ስለሆነ ሳይሆን ድህነቱ ቁልጭ ብሎ እየታየ አንድም ቦታ ስለማይጎዳው ነው የምመርጠው።

ጆን ካርፔንተር የሠራው ከ300 ሺህ ዶላር ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ፣ በሃያ ቀን አካባቢ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በኢሊኖይ፣ በጥቅምት ወር፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። የተቀረጸው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በጸደይ፣ ዛፍ በሚለመልምበት ጊዜ ነው። የረገፈ ቅጠል ስላልነበረ ቅጠል ቡናማ ቀለም ቀብተው መንገድ ላይ በተኑ፤ ሾቱ ሲያልቅ ጠርገው በጆንያ ሰብስበው ለሚቀጥለው ሾት ወሰዱት። ዛፎቹ ላይ ያለው ቅጠል ለምለም መሆኑን ልብ በሉ፤ ከሩቅ የካሊፎርኒያ የዘንባባ ዛፍም ይታያል። የገዳዩ ጭምብል ሁለት ዶላር የማይሞላ የሱቅ ጭምብል ነበር፤ ስታር ትሬክ የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ካፒቴን ከርክ ፊት፣ ማለትም የተዋናዩ የዊሊያም ሻትነር። ከፊልሙ ሠራተኞች አንዱ ቶሚ ሊ ዋላስ ነጭ ቀለም ነፋበት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፋው፣ ፀጉሩን ለወጠው። አብዛኛውን ጊዜ ጭምብሉ ውስጥ ያለው ሰው የዳይሬክተሩ የትምህርት ቤት ጓደኛ ኒክ ካስል ነው፤ የቀን ክፍያው 25 ዶላር ነበር። መክፈቻው ላይ ቢላውን የምታነሳው የትንሹ ልጅ እጅ ደግሞ የፕሮዲውሰሯ የዴብራ ሂል እጅ ናት።

ይህን ሁሉ ቀድሜ የምነግራችሁ እንድትፈልጉት ነው። የተቀባውን ቅጠል ያየ ሰው ፊልሙን የሠሩት ሰዎች መጥረጊያ ይዘው ይታዩታል፤ ለእነዚህ ፊልሞች ያለኝ ፍቅር የተጀመረው እንዲህ ነው። ደግሞም ማወቃችሁ ከፍርሃት አያድናችሁም። እኔ ጭምብሉ የማን ፊት እንደሆነ ካወቅሁ ስንት ዓመቴ ነው፤ ከጨለማው በር ቀስ ብሎ ሲወጣ አሁንም ትንፋሼን እይዛለሁ።

የምታገኙት ቅጂ ሥዕሉ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ኖሮት ሰፊ መሆኑን አረጋግጡ። የካሜራ ባለሙያው ዲን ከንዲ በሰፊ ፍሬም ነው የቀረጸው፤ ገዳዩም ብዙ ጊዜ የሚቆመው በፍሬሙ ዳር ነው። በድሮ የቪዲዮ ካሴቶች ላይ ሥዕሉ ለካሬው ቴሌቪዥን ሲባል ግራና ቀኙ ተቆርጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ያየ ሰው ግማሹን ፍርሃት አላየም። ስለዚህ ሰው ሲያወራ አፉን አትመልከቱ። ዳር ዳሩን እዩ፣ በተለይ ከትከሻው ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ።

አሁን ወደ ድምፁ። ካርፔንተር ፊልሙን ያለ ሙዚቃና ያለ ድምፅ ማጀቢያ ለአንዲት ወጣት የስቱዲዮ ኃላፊ አሳይቷት ነበር። ቅንጣት አልፈራችም። ፊልሙን በሙዚቃ ለማዳን የቆረጠው ያን ጊዜ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ሶፋው ላይ በሪሞት ያደረግሁት ነገር ትክክል ነበር ማለት ነው!

ሙዚቃውን የሠራው በሦስት ቀን ነው። መግቢያው ሲጀምር በጣታችሁ ቁጠሩ። ብዙ የፊልም ዜማ በአራት ይቆጠራል፤ ይህ በአምስት ነው። ልጅ ሳለ አባቱ በቦንጎ ከበሮ ያስተማረው ምት ነው። ጆሯችሁ በአራት እንዲዘጋ ይጠብቃል፣ አንድ ትርፍ ምት ይመጣል፣ ሳይዘጋ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ፒያኖው ያሳደዳችሁ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው፤ እግራችሁን የምታሳርፉበት ቦታ የለም። ከዜማው ሌላ ገዳዩ ድንገት ብቅ ሲል የሚመታ የሲንተሳይዘር (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ድንጋጤ አለ። እሱን በየቦታው ለይታችሁ ስሙት።

ካያችሁ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ሦስቴ እዩት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገዳዩ በቁጥቋጦው አጥር በኩል የሚታይበት ይሁን፤ የኔው ትዕይንት ነው። አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። አንዴ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። ዓይን ተጨፍኖ ሲሰማ ልብ የሚመታበት ሰከንድ የትኛው እንደሆነ ጻፉት። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ላይ ምንም ያልተፈጠረበት ሰከንድ ነው።

ፊልሙ ውስጥ ደም የለም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ብቻ 47 ሚሊዮን ዶላር አስገባ።

ከዚያ ወደ ኋላ

ሁለተኛ የማሳየው የ1974ቱን ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር ነው። ስሙ ብቻውን ሰው ያባርራል፤ እኔም ለዓመታት ሸሽቼው ነበር። የጠበቅሁት የደም ጎርፍ ነበር፤ ያገኘሁት ሙቀት ነው። ዳይሬክተሩ ቶቢ ሁፐር በ1973 በጋ፣ በቴክሳስ ሐሩር፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀረጸው። ወጪው ከ150 ሺህ ዶላር በታች ነው። የሞተር መጋዝ የያዘውን ገዳይ የሚጫወተው ጉናር ሃንሰን ልብሱ አንድ ብቻ ስለነበረና ቀለሙ ይለቃል ተብሎ ስለተፈራ ቀረጻው እስኪያልቅ ሳይታጠብ ለበሰው። የማዕድ ትዕይንቱን ከ24 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ቀረጹት፤ ሌሊት እንዲመስል መስኮቶቹ ተሸፍነው፣ መብራቱ ከውስጥ እያቃጠለ። በተዋንያኑ ፊት ላይ የምታዩት ድካም ትወና ብቻ አይደለም።

እዚህ ፊልም ላይ ዜማ አትፈልጉ። ሁፐርና ዌይን ቤል የሠሩት የሙዚቃ ማጀቢያ በአብዛኛው የብረት መፋቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ መጎርበጥ ነው። መክፈቻው ጨለማ ነው፤ የፎቶ ካሜራ መብራት ብልጭ ይላል፤ ከብልጭታው ጋር አንድ የሚያፏጭ፣ የሚያንቋርር ድምፅ አለ። እሱን ድምፅ በሥራዬ ስንት ጊዜ ላስመስለው እንደሞከርኩ! አይመጣም። ከዚያ በኋላ የመጋዙ ሞተር እስኪነሳ ድረስ የክፍሉን ዝምታ አዳምጡ። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ማባባል የለም። የፊልሙን ጥራት ከፍ ለማድረግ ሥዕሉ ላይ የሚታዩትን የፊልሙን ሻካራ ቅንጣቶች አጽድቶ ያለሰለሰ ቅጂ ካጋጠማችሁ ተዉት። ሻካራነቱ እንደ ላብ ነው፣ ከተጠረገ ሙቀቱም ይሄዳል።

በዚያው ዓመት በካናዳ የተሠራው የቦብ ክላርክ ብላክ ክሪስማስ ደግሞ የስልክ ፊልም ነው። ስልኩ ሲነሳ የሚሰማው የገዳዩ ድምፅ የአንድ ሰው አይመስልም፤ የእውነትም የአንድ ሰው አይደለም። ከድምፁ ባለቤቶች አንዱ ኒክ ማንኩሶ ደረቱ ታፍኖ ድምፁ እንዲለወጥ በጭንቅላቱ ቆሞ ነው የተቀረጸው። ሙዚቃውን የሠራው ካርል ዚትረር የፒያኖውን ክሮች ላይ ሹካ፣ ማበጠሪያና ቢላ አሰረ፤ ሲመታው ፒያኖው የታመመ ይመስላል። ገዳዩን አናየውም፣ እሱ የሚያየውን እናያለን፤ ለዚህም የካሜራ ባለሙያው ካሜራውን ከትከሻው ጋር አስሮ ቤቱን ተንጠላጠለ። ይህን ፊልም በሄድፎን ብታዩት ይሻላል፣ ብቻችሁን መሆን የምትችሉ ከሆነ።

የዘር ሐረጉን መቁጠር ለሚወድ ሰው እስከ 1960 መውረድ ይቻላል። የሂችኮክ ሳይኮ የትልቅ ዳይሬክተር ፊልም ቢሆንም በቴሌቪዥን ሠራተኞች፣ በጥቁርና ነጭ፣ 800 ሺህ ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነው የተሠራው። ሴትዮዋ ሻወር ውስጥ በቢላ በምትገደልበት ትዕይንት ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ የቢላው ድምፅ ካሳባ የሚባል ሜሎን ሲወጋ የተቀረጸ ነው። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ኦርኬስትራውን በሙሉ ትቶ ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ ያዘ። ሂችኮክ እዚያ ትዕይንት ላይ ሙዚቃ አልፈለገም ነበር፤ ኸርማን ግን ጽፎ አሰማው፣ እሱም ሐሳቡን ለወጠ።

ሙዚቃው መቼ ይጠፋል?

የወጣቶች ካምፕ ውስጥ የሚፈጸመውን የ1980ውን ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ ስታዩ አንድ የቤት ሥራ አለ። ሙዚቃውን የሠራው ሃሪ ማንፍሬዲኒ ለራሱ ሕግ አውጥቶ ነበር፦ ገዳዩ በአካባቢው ከሌለ ሙዚቃ የለም። አንዱ ልጅ ለቀልድ ቀስት ሲወረውር ልጅቷን ለጥቂት የሚስትበት ትዕይንት አለ። ያስደነግጣል፣ ግን ሙዚቃ የለውም። ገዳዩ አይደለማ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ፊልሙ ሌላ ይሆናል፤ ባዶ ደን ይታያችሁና ሙዚቃው ቀስ ብሎ ሲገባ ባዶ አለመሆኑን ታውቃላችሁ፣ ልጅቷ ግን አታውቅም።

«ኪ ኪ ኪ፣ ማ ማ ማ» የሚለው ሹክሹክታ የማንፍሬዲኒ የራሱ ድምፅ ነው፤ ማይክሮፎን ላይ ተናግሮ በማስተጋቢያ መሣሪያ አሳለፈው። ሁለቱ ፊደላት የሁለት ቃላት መጀመሪያዎች ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልነግራችሁም፤ መጨረሻው አካባቢ ስትሰሙት ታውቁታላችሁ።

የሜካፕ ባለሙያው ቶም ሳቪኒ በቬትናም ጦርነት የውጊያ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በዚህ ፊልም ላይ ያኔ ገና ያልታወቀው ኬቨን ቤከን አልጋ ላይ ተኝቶ ቀስት አንገቱን ዘልቆ ይወጣል። ቤከን በእውነት የተንበረከከው ከአልጋው ሥር ነው፤ ጭንቅላቱ ብቻ በቀዳዳ ወጥቷል፣ አንገቱና ደረቱ የውሸት ነው። ቀረጻው ላይ ደም የሚገፋው ፓምፕ ቱቦ ተላቀቀ። ያን ሰው ሠራሽ አንገት ደግመው የሚሠሩበት ጊዜና ገንዘብ አልነበራቸውም። የሳቪኒ ረዳት ቱቦውን አፉ ውስጥ ከትቶ በሳንባው ነፋው፤ ደሙም ተፈናጠረ። ፊልሙ ላይ የቀረው እሱ ነው። ፊልሙን አቁማችሁ አንዴ ደግማችሁ እዩት፣ የደሙ አወጣጥ የሰው ትንፋሽ ምት አለው። ፊልሙ 550 ሺህ ዶላር አካባቢ ፈጅቶ በአሜሪካ ወደ 40 ሚሊዮን አስገባ፤ ከዚያ በኋላ በየካምፑና በየትምህርት ቤቱ ገዳይ በዛ።

ከዚያ ጎርፍ ውስጥ እንዴት እንደምትመርጡ ልንገራችሁ። የተዋናይ ድክመት ይቅር ይባላል፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ሥራቸው ነው። የሚታይ የማይክ ጥላም ይቅር ይባላል። ይቅር የማልለው ፊልሙ ሰዎቹን ሲንቃቸው ነው። ሟቾቹ ከመሞታቸው በፊት ሰው እንዲሆኑ አምስት ደቂቃ ካልተሰጣቸው፣ ካሜራውም ከገዳዩ ይልቅ በሴቶቹ ገላ ላይ የሚቆይ ከሆነ፣ አጥፉት። ብዙ ስላሸር እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ወዳጅ ነኝና መደበቅ አልፈልግም። የ1982ቱን ዘ ስላምበር ፓርቲ ማሳከርን ብታዩ ጥሩ ነው፤ ጸሐፊዋ ሪታ ሜ ብራውን፣ ዳይሬክተሯ ኤሚ ሆልደን ጆንስ ናቸው። ቀመሩ ያው ሆኖ ልጃገረዶቹ እርስ በርስ ሲያወሩ የሚሰማው ወሬ ግን የእውነት ወሬ ነው።

አዲስ ነገር ለሚፈልጉ፣ የ2022ቱ ቴሪፋየር 2 በ250 ሺህ ዶላር ተሠርቶ ከ15 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። እጅ ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም በጣም ጨካኝ ስለሆነ ለጀማሪ አላሳይም። በሕይወቱ የእውነት ጥቃት የደረሰበት ሰውም አብሯችሁ ካለ ሳትጠይቁት ምንም አትክፈቱ። አንዴ ሳልጠይቅ ከፍቼ ጓደኛዬ ተነስታ ወጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ።

ማብሪያው አጠገብ ስላስቀመጣችሁት ሰው፦ ሃሎዊን ሲያልቅ ሁሉም ነገር የተፈጸመ ይመስልና ሰው መብራት ለማብራት ይነሳል። አታብሩ። ካሜራው አንድ በአንድ ባዶ ክፍሎችን፣ ደረጃውን፣ ከውጭ ቤቶቹን ያሳያል፤ ቅድም ያየናቸው ቦታዎች ናቸው፣ ማንም የለባቸውም። በሥዕሉ ላይ የሚሰማው ጭምብል ውስጥ ያለ ሰው ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ ከክፍል ክፍል እየቀረበ ይሄዳል። እስኪያልቅ ድረስ ክፍላችሁ ጨለማ ይሁን፤ ካለቀም በኋላ ትንሽ ቆዩና የራሳችሁን ቤት አዳምጡ።